በመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪው ምን ይሠራል፣ የትስ ይሰናከላል?

በታችኞቹ ክፍሎች እንግሊዝኛ በአብዛኛው ቃል መልቀም ነው፤ ቀለማት፣ የሰውነት ክፍሎች፣ ቁጥሮች፣ አጫጭር ሰላምታዎች። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሲደረስ ጥያቄው ይለወጣል። ልጁ ሐሳቡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር፣ ዓረፍተ ነገሮቹንም አያይዞ አንቀጽ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። ብዙ ተማሪ «እንግሊዝኛ ከበደኝ» ማለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ቃል ከቃል የሚታሰርበት መንገድ ነው የሚጠፋበት። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ደግሞ የት የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ደብተር ያረመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ስህተቶቹ በየዓመቱ እነዚያው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለአዲስ መምህራንና የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ለሚያዩ ወላጆች ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 40 ወይም 45 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 5 ደቂቃው ለትናንቱ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ደግሞ የሚያስረዳበት ሳይሆን ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ያስታወሰውን የሚጽፍበት። አዲሱ ነገር ከ10 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም። ቢያንስ 20 ደቂቃ ልምምድ ነው። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ተማሪ በዕለቱ የተማረውን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል። እነዚያን ቁራጮች ማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ነገ ከምን መጀመር እንዳለበት ግን ከየትኛውም ፈተና በፊት ይናገራሉ። ክፍለ ጊዜ የሚበላሸው ማብራሪያው ሲረዝም ነው። ሰሌዳው በሰንጠረዥ ይሞላል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ አንድም ልጅ አፉን አልከፈተም።

መናገር ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ አንድ በአንድ እያስነሣ ቢጠይቅ ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ያው ክፍል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለ10 ደቂቃ ቢነጋገር ግን እያንዳንዱ እስከ 5 ደቂቃ ይናገራል። የጥንድ ሥራ የሚከሽፈው ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ሲይዙ ነው፤ የሚጠያየቁበት ምክንያት ስለሌለ ወዲያው ወደ አማርኛ ወሬ ይገባሉ። ለአንዱ የሳምንቱን የትምህርት የጊዜ ሰሌዳ ግማሽ፣ ለሌላው ቀሪውን ግማሽ ይስጡ፤ በመካከላቸው መጽሐፍ ይቁም፣ አንዱ የሌላውን እንዳያይ። «ዋት ታይም ዳዝ ሳይንስ ስታርት?» ብሎ ካልጠየቀ ባዶውን ሳጥን መሙላት አይችልም። የጥያቄው መነሻ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይቆይ። ደካማው ተማሪ እያየ ይናገራል፣ ጎበዙ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ላይ ሳያይ ይሞክራል።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው እንቅፋት የግሱ ቦታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ልጁ አይሳሳትም። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ግን በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል ይገለብጣል፣ ግሱም ወደ ጭራው ይሸሻል። መድኃኒቱ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምን፣ የት፣ መቼ በሚል ቅደም ተከተል አምስት ሳጥን አስምሮ መጻፍ ነው። ለሁለት ሳምንት በሳጥን የጻፈ ልጅ ሳጥኑን ሲተው ቅደም ተከተሉ አብሮት ይቀራል።

ሁለተኛው የግስ ጊዜ ነው። «ይሄዳል» የምንለው ለዘወትርም ለነገም ነው፤ በየቀኑ ይሄዳል፣ ነገ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ በአብዛኛው የተለያየ መልክ ስላለው ተማሪው «ቱሞሮው ሂ ጎዝ» ብሎ ይጽፋል። «ሄዷል» እና «ሄደ» ግን ጥሩ መነሻ ይሆናሉ፤ «ሂ ሃዝ ጎን» ማለት ከ«ሄዷል» ጋር በጣም ይቀራረባል። አንድ ልዩነት ብቻ ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልጋል። እኛ «ትናንት ሄዷል» ብንል ችግር የለውም፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈበት ቀን ከተጠራ «ሃዝ ጎን» አይቀበልም፣ «ሂ ዌንት የስተርደይ» ይላል። ተማሪዎች «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «አጎ» የሚሉትን ቃላት በቀይ እንዲያከብቡ ማድረግ ግማሹን ስህተት ይቀንሳል።

«ዲድ ዩ ዌንት?» የሚለውን የማያውቅ መምህር የለም። ያለፈ ጊዜ ስለሆነ ሁለቱንም ቃል ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ያለፈውን ጊዜ የተሸከመው «ዲድ» ነው፤ ሸክሙ አንድ ስለሆነ ግሱ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ «ዲድ ዩ ጎ?» ይባላል። «ዳዝ» ላይም ያው ነው። «ሺ ላይክስ» የምትለዋ ኤስ በጥያቄው ጊዜ ወደ «ዳዝ» ትዛወራለች፣ «ዳዝ ሺ ላይክ?»። ይህ የመዛወር ነገር ሰሌዳ ላይ በቀስት ሲታይ ቶሎ ይገባል። ኤሷን መርሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአማርኛ ግስ ለየሰዉ መልኩን ይቀይራል፤ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄዳለች። ተማሪው እንግሊዝኛ ይህ ሁሉ የለበትም ብሎ ደስ ሲለው ያቺ አንዲት ኤስ ታመልጠዋለች። ደንቡን ሁሉም በቃል ይሉታል፤ የሚያመልጣቸው ሲናገሩ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ከመለማመድ ይልቅ ስለ ጓደኛቸው ለአንድ ደቂቃ እንዲናገሩና አድማጩ ያመለጡትን ኤሶች በጣቱ እንዲቆጥር ማድረግ የተሻለ ይሠራል።

የሌላውን ሰው ንግግር ማውራት 8ኛ ክፍል ላይ የሚመጣ ከባድ ርዕስ ነው፤ ለእኛ ልጆች በተለይ። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይዞ ያስቀምጣል፣ «እመጣለሁ አለ»። ተማሪው ያንኑ ይዞ «ሂ ሴድ አይ ዊል ከም» ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ የጥቅስ ምልክት ካላየ «አይ» ማለት ጸሐፊው ራሱ ነው ብሎ ይረዳል፤ የሚመጣው ሰው ተቀየረ ማለት ነው። ትክክሉ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም» ነው። መልመጃው እንዲህ ይሁን፦ አንደኛው ለሁለተኛው በሹክሹክታ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው «ሂ ሴድ» ብሎ ያስተላልፋል፣ ሦስተኛው ማን ምን እንደሚያደርግ በጣቱ ይጠቁማል። የተሳሳተ ሰው ከተጠቆመ ስህተቱ ያለማንም ማብራሪያ ይገለጣል።

ተደራጊ ግስም ከአማርኛ ሊነሣ ይችላል። ሰበረ፣ ተሰበረ። እኛ «ተ» ጨምረን የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ በሁለት ቃል ይሠራዋል፤ «ኢዝ» ወይም «ዎዝ»፣ ቀጥሎ የግሱ ሦስተኛ መልክ፣ «ዎዝ ብሮክን»። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የፊተኛው ነው።

ትንንሽ ግን ሥር የሰደዱ ጥቂት ስህተቶችም አሉ። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» ስለምንል «ኦልዞው» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ፤ እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ይፈልጋል። «ማንም አልመጣም» ሁለት ጊዜ ያፈርሳል፤ «ኖባዲ ዲድ ናት ከም» ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፣ «ኖባዲ ኬም» ይበቃል። «አስረዳኝ» ከሚለው «ኤክስፕሌይን ሚ» ይወለዳል፣ «አዳምጠኝ» ከሚለው «ሊስን ሚ»፤ ሁለቱም በመካከል «ቱ» ይሻሉ። የአሉታ ጥያቄ መልስም አለ። «አልበላህም?» ሲባል «አዎ» ብለን አለመብላታችንን እናረጋግጣለን። በእንግሊዝኛ ያልበላ ሰው «ኖ» ነው የሚለው፣ ጥያቄው በምንም መልክ ይምጣ። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ማዳመጥ ፈተና ላይ ንግግሩን ሁሉ ተረድቶ መልሱን ይሳሳታል።

አነጋገር ላይ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ «ስኩል»፣ «ስቶፕ» የሚሉት ቃላት ፊት «እ» ማስገባት። ኤሷን እንደ እባብ ድምፅ አስረዝሞ ጀምሮ ወደ ቀጣዩ መንሸራተት ይፈታዋል። ሁለተኛ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ያለፈ ጊዜ የምታሳየው የኢዲ ጭራ። «ዎክድ» ተብሎ የተጻፈ ቢመስልም የሚነበበው «ዎክት» ነው፤ «ፕሌይ» ላይ ዲ ትሆናለች፤ ግሱ በቲ ወይም በዲ ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ተጨማሪ ቀለም (ክፍለ ቃል) ትወልዳለች፣ «ዎንት»፣ «ዎንትድ»። ሦስተኛው ጥብቀት ነው። በአማርኛ «አለ» እና «አለ» ላልቶና ጠብቆ ትርጉም ይለያል፤ ስለዚህ ተማሪው ሁለት ኤም ሲያይ «ሰመር» የሚለውን ያጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ የተደገመ ፊደል የሚናገረው ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ አናባቢው አጭር መሆኑን። «ዲነር» ሁለት ኤን አለው፤ በአንድ ኤን ሲጻፍ «ዳይነር» ይሆናል። ይህ ሲገባቸው የቃላት አጻጻፍም አብሮ ይቃናል፤ «ሆፒንግ» ሁለት ፒ፣ «ሆውፒንግ» አንድ ፒ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያቆማሉ።

ስለ ማዳመጥ ብዙ አንልም፤ ያለ ቴፕም ይሠራል። መምህሩ ከ4 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር ያለው ጽሑፍ በተለመደ ፍጥነት ያነባል። በመጀመሪያው ንባብ ማንም ብዕር አያነሣም። በሁለተኛው ዋና ዋና ቃላትን ብቻ ይይዛሉ። ከዚያ በጥንድ ሆነው ጽሑፉን መልሰው ይገነባሉ፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋር ያስተያያሉ። ቀስ ብሎ ቃል በቃል ማነብነብ ግን ጆሮን አያለማምድም።

ቃላትን በተመለከተ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ6 እስከ 8 አዲስ ቃል በቂ ነው። ሃያ ቃል ሰጥቶ ትርጉሙን ማስጻፍ ደብተር ይሞላል እንጂ ከሳምንት በኋላ አይገኝም። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ይሰመር፦ ቃሉ፣ የቃሉ ክፍል፣ ተማሪው ራሱ የሠራው ዓረፍተ ነገር፣ ዘመዶቹ። «ዲሳይድ» ከተጻፈ ጎኑ «ዲሲዥን» ይቀመጣል። የአማርኛ ትርጉም በእርሳስ ይጻፍና ቃሉ ሲለመድ ይጠፋ። ክለሳው በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በወሩ ይደረጋል። አጻጻፉን ለመያዝ አይቶ መሸፈን፣ ከአእምሮ መጻፍ፣ ገልጦ ማመሳከር። አሥር ጊዜ መገልበጥ ግን እጅን ብቻ ያደክማል፤ ከሦስተኛው በኋላ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው።

ንባብ ላይ አንድ ልማድ መስበር ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያልታወቀ ቃል ሁሉ ላይ ቆሞ መዝገበ ቃላት መፈለግ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። መጀመሪያ ርዕሱንና ሥዕሉን አይቶ ምን እንደሚል ይገምት። ቀጥሎ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ሳያቆም አንብቦ ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይናገር። ከዚያ ጥያቄዎቹን ያንብብ፣ ወደ ጽሑፉም መልስ ፍለጋ ይመለስ። ለአንድ ቁጥር ወይም ስም ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ዓይን ወደ ታች ይወርዳል። ያልታወቀው ቃል በፊቱና በኋላው ባለው ነገር ይገመታል። ከ100 ቃል ውስጥ ከ5 በላይ የማያውቀው ከሆነ ግን መገመት አይቻልም፤ ጽሑፉ ለብቻው ለማንበብ ስለሚከብደው ቀለል ያለ ይሰጠው። ታሪክ ሲሆን ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት ይፈለጋል። ጭብጥ ላይ ብዙዎች «ስለ ጓደኝነት ነው» ብለው ይቆማሉ፤ ያ ርዕሰ ጉዳዩ ነው። ታሪኩ ስለ ጓደኝነት ምን አለ? መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልሆነ ጭብጥ አልተነገረም።

መጻፍ ዋናው ነው፤ ከሁሉም ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባም እሱ ነው። የአንቀጹ አካል የታወቀ ነው፦ ዋና ሐሳቡን የሚናገር ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃ፣ ማሰሪያ። መጀመሪያ ላይ ከ60 እስከ 80 ቃል ይበቃል፤ 8ኛ ክፍል ሲጠናቀቅ ከ120 እስከ 150 መድረስ ይቻላል። ሥራው በሁለት ክፍለ ጊዜ ቢከፈል ይሻላል። በመጀመሪያው ሐሳብ በነጠላ ቃላት ይለቀማል፣ ይደረደራል፣ ረቂቅ ይጻፋል። በሁለተኛው ጓደኛ ያነበዋል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ተሻሽሎ ይጻፋል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጽፎ፣ በቀይ ታርሞ፣ ውጤት ተሰጥቶት የተመለሰ ጽሑፍ ማንም ተመልሶ አያነበውም፤ ልጁ ውጤቱን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። የተማሪው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «የስተርደይ ማይ ፍሬንድ ሺ ከም ሆም። አይ ዲድ ናት ኖው። ቢኮዝ አይ ዎዝ ስሊፕ።» አምስት ነገር አለ። «ማይ ፍሬንድ» ካለ በኋላ «ሺ» ባለቤቱን ደግሞታል። «ከም» ያለፈ ጊዜ ሆኖ «ኬም» መሆን ነበረበት። «ሆም» ያለው «ቤት መጣች» ከሚለው ተነሥቶ ነው፤ «ከም ሆም» ሲባል ግን የመጣው ሰው ራሱ የሚኖርበት ቤት ይመስላል፣ ስለዚህ «ቱ ማይ ሃውስ» ይባል። «ቢኮዝ» ከነጥብ በኋላ ብቻውን ቆሞ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ነጥቡ ተነሥቶ ከፊተኛው ጋር ይገናኝ። «ዎዝ ስሊፕ» ደግሞ «ተኝቼ ነበር» ለማለት ሲሆን «ዎዝ ስሊፒንግ» ነው። አምስቱንም በአንድ ቀን በቀይ ማረም ልጁን ያሸማቅቀዋል፣ አንዱንም አይዝም። በዚህ ሳምንት የተማርነው ያለፈ ጊዜ ከሆነ «ከም» ሥር ብቻ ይሰመር፤ ትክክለኛውንም መምህሩ አይጻፍለት፣ ራሱ ያርመው። ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር በሌላ ሳምንት ለብቻው ይመጣል።

ካፒታል ፊደልን ማቃለል አይገባም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልጁ በተፈጥሮው የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የቦታ ስም፣ ቀናት፣ ወራት፣ የቋንቋ ስሞች፣ እንዲሁም «እኔ» የሚለው «አይ» የትም ቢገባ። ወቅቶች ግን በትንሹ ይጻፋሉ። ሌላው የአራት ነጥባችን ልማድ ነው፤ ልጁ ሐሳቡ እስኪያልቅ አይቆምም፣ በኮማ እያያያዘ ስድስት መስመር ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይገናኝም። ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ትንፋሹ የቆመበት ቦታ ላይ ባለቤትና ግስ ተሟልተው ከሆነ ነጥብ ያስገባ።

ለወላጅ አንድ ነገር እንጨምር፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችንም ይጨምራል። የቤት ሥራውን መተርጎም ወይም መሥራት አያስፈልግም። ልጁ 15 ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፣ ከዚያ ያነበበውን በአማርኛ ይንገርዎ። መንገር ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው፤ ያን ገጽ በድጋሚ ያንብብ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የራሱ ስህተቶች ይመዝገቡ፦ በግራ የተሳሳተው፣ በቀኝ የታረመው፣ ሥር ላይ በዚያው ደንብ የተሠራ አዲስ ዓረፍተ ነገር። ከእያንዳንዱ የጽሑፍ ሥራ በፊት ያን ገጽ ለ2 ደቂቃ ያንብብ። አንድ ስህተት በሦስት ተከታታይ ጽሑፎች ካልታየ በእርሳስ ይሰረዝ፣ ሌላ በቦታው ይግባ።